ከቁም ሳጥኑ በላይ

ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ስቱዲዮ። በሩን ከፍቶ የገባ እንግዳ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ቴሌቪዥኑ ላይ አይደለም። ከቁም ሳጥኑ በላይ፣ ጣሪያውን በጆሮው እየነካ የተቀመጠ ትልቅ ቡኒ ድብ አለ። ድቡ ከነላስቲኩ ነው። ላስቲኩ በጊዜ ብዛት ቢጫ ሆኗል፤ ድቡ ግን ገና ከሱቅ የወጣ ይመስላል። አንድም ልጅ አቅፎት ተኝቶ አያውቅም።

ቤቱ ውስጥ ሦስት ሰው ይኖራል፦ አያት፣ የአያት ታናሽ ሴት ልጅ እና የአሥራ ሁለት ዓመት የልጅ ልጅ። አራተኛዋ ሰው፣ የልጅቷ እናት፣ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ቤይሩት ናት። ድቡን የላከችው እሷ ናት። ከድቡ ሌላ ስድስት ካርቶን መጫወቻ ልካለች።

የኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ከ30 ካሬ ሜትር በታች ነው። ማብሰያውና መጸዳጃው ሲቀነስ አልጋ፣ ሶፋ፣ ቡፌ፣ ቁም ሳጥንና ሰው የሚካፈሉት አንድ ክፍል ይቀራል። እዚህ ቤት አልጋው በአራት ብሎኬት ከፍ ተደርጓል፤ ሥሩ ሁለት ሻንጣና ሦስት ካርቶን ገብቷል። ሻንጣዎቹ ውስጥ ጋቢና የበዓል ልብስ አለ፤ ካርቶኖቹ ውስጥ መጫወቻ። ሁለት ካርቶን ከሶፋው ጀርባ ተደብቋል፤ በዚህ የተነሣ ሶፋው ከግድግዳው አንድ ክንድ ርቆ ወደ ክፍሉ መሃል ወጥቷል። ስድስተኛው ካርቶን በረንዳ ላይ፣ ሸራ ተጥሎበት፣ ከውኃ ጀሪካኖቹ ጎን ነው። ባለሦስት እግሯ ሳይክልም እዚያው ናት፤ ኮርቻዋ ላይ የሽንኩርት ቅርጫት ተቀምጦባታል። ቡፌው ውስጥ ደግሞ ከሲኒዎቹ ጎን ወርቃማ ፀጉር ያላት አሻንጉሊት ቆማለች። እሷን መንካት ክልክል ነው። ሲኒ መንካት ክልክል እንደሆነው ማለት ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት ብርቅ አይደለም። ከውጭ የመጣ መጫወቻ በብዙ ቤት የሚቆጠረው ከልጅ ዕቃ ሳይሆን ከቤት ጌጥ ነው። ለእንግዳ ይታያል፣ በበዓል አቧራው ይጠረጋል፣ ልጁ ትንሽ ከፍ ሲል ይሰጠዋል ይባላል። ልጁ ከፍ ሲል ደግሞ አይፈልገውም።

አያትየዋ ልጆቻቸውን ያሳደጉት ልደታ፣ ሰባት አባወራ በሚጋራው የቀበሌ ግቢ ውስጥ ነው። ያን ጊዜ የመጫወቻ ማስቀመጫ የሚባል ጣጣ አልነበረም። ሰኞ ማክሰኞ በከሰል መሬት ላይ ይሳላል፤ ማታ ዝናብ ያጥበዋል። ለቅልብልቦሽ አምስት ጠጠር ይበቃል፤ ሲመሽ ጠጠሩ እዚያው ያድራል። ብይ ኪስ ውስጥ ይገባል። የጨርቅ አሻንጉሊት ሲበጣጠስ ተመልሶ የወለል መወልወያ ይሆናል። አሁን ቤይሩት ያለችው ልጅ በዚያ ግቢ ውስጥ ገመድ የሚችላት አልነበረም ይላሉ እናቷ፤ ገመዱም የጎረቤት የልብስ ማስጫ ነበር፣ ተጫውተውበት ይመልሱታል።

ልደታ ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ ቤተሰቡ ጀሞ ደረሰው። ኮንዶሚኒየም የሚገባ ሰው ቅድሚያውን ከፍሎ ቀሪውን በየወሩ ለባንክ ይከፍላል። የቀበሌ ቤት ኪራይ ጥቂት ብር ለለመደ ቤት የባንኩ ወርኃዊ ክፍያ ሌላ ዓለም ነበር። ብሎኮቹ ሲሠሩ ለእርድ፣ ለልብስ አጠባና ለድግስ ተብሎ «ኮሚናል» የሚባል የጋራ ቤት ታስቦላቸው ነበር። ብዙ ቦታ ኮሚናሉ ተከራየ፤ ልጅ ይጫወትበታል የተባለው ክፍት ቦታ መኪና ቆመበት። ሰሞኑን በኮሪደር ልማቱ የልጆች መጫወቻ ያላቸው ቆንጆ ቆንጆ ፓርኮች ተሠርተዋል፣ ይህን መካድ አይቻልም። ለአራተኛ ፎቅ ልጅ ግን ፓርክ የእሑድ ጉዳይ ነው። ታክሲ ይፈልጋል፣ ይዞ የሚሄድ ሰው ይፈልጋል። ማክሰኞ ከትምህርት ቤት መልስ ያለው ክፍሉ ነው፤ ክፍሉ ደግሞ በካርቶን ተይዟል።

እናትየዋ የሄደችው የባንኩን ዕዳ ልትከፍል ነው። ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዓረብ ሀገራት መጓዝ በ2006 ዓ.ም. ታግዶ እስከ 2010 የቆየበት ጊዜ ነበር፤ እገዳው ግን መንገዱን አስረዘመው እንጂ ሰውን አላስቀረም። በደላላ ሄደች። ኮንትራቱ ሁለት ዓመት ነው ተባለ። ልጅቷ ሦስት ዓመቷ ነበር።

የመጀመሪያው ካርቶን በ2010 ለፋሲካ መጣ። በአየር መንገድ ጭነት አልነበረም፤ ወደ ሀገሯ የምትመለስ አንዲት ሴት ከሻንጣዋ ኪሎ ተለምና ያመጣችው ነው። ካርቶኑ የዱቄት ወተት ካርቶን ነበር፣ በፕላስተር ዙሪያውን ሦስት ጊዜ የተጠመጠመ። ውስጡ ባትሪ ሲገባላት የምታለቅስ አሻንጉሊት፣ ተገጣጣሚ የላስቲክ ኩቦች፣ ሮዝ የፕላስቲክ ድስቶችና ማንኪያዎች፣ ከታች ደግሞ ሳሙናና ሻምፑ ነበረበት። ሌሎቹም በዚሁ ዓይነት መንገድ፣ በበዓል በበዓል መጡ።

ካርቶኖቹን በተርታ ከፍቶ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ልጅቷ አራት ሞላት፣ አምስት ሞላት፣ ስድስት ሞላት፤ መጫወቻዎቹ ግን ሦስት ዓመት ላይ ቆመዋል። ፊደል መቁጠር ለጀመረች ልጅ የሚንጫጫ ዳክዬ ይመጣል። ማንም ይህን ለእናትየዋ አልነገራትም። እንዴት ይነገራል?

በእነዚያ ዓመታት እሑድ ከሰዓት በኋላ በኢሞ ትደውላለች። ጥሪው ከመምጣቱ ከግማሽ ሰዓት በፊት ቤቱ ውስጥ ሥራ ይጀመራል። ድቡ ይወርዳል። አልቃሻዋ አሻንጉሊት ከአልጋ ሥር ወጥታ ሶፋው ላይ ትቀመጣለች። ድስቶቹ ምንጣፍ ላይ ይበተናሉ፣ ሲጫወቱባቸው የነበረ እንዲመስል። ሦስት ሰው የሚያውቀው ሥርዓት ነው፤ ማን ምን እንደሚያወጣ የተደለደለ ነው። በዚያ ቤት የመጫወቻ አቀማመጥ የሚወሰነው በዚህ ጥሪ ነው። እናትየዋ ስሙን እየጠራች የምትጠይቀው ዕቃ ቅርብ፣ እጅ የሚደርስበት ቦታ ይቀመጣል፤ የማትጠይቀው ወደ ውስጥ ይገፋል። «ማሚ፣ ይኸው ድቡ» ትላለች ልጅቷ። እናቷን «ማሚ» ነው የምትላት። «እማዬ» የሚለው ስም ለአያቷ ሆኗል።

ከስልኩ በኋላ ሁሉም ተመልሶ ይታሸጋል። ልጅቷ መጫወት ካማራት ገመድ አላት፣ የጎረቤት ልጅ አላት፣ ደረጃው አለ።

የቤቱን አሠራር ያናጋው በረሮ ነው። ካርቶን የበረሮ ቤት እንደሆነ ኮንዶሚኒየም የኖረ ሰው ያውቃል፤ በተለይ ማብሰያው ከመኝታው በመጋረጃ በሚለይበት ቤት። አንድ ክረምት አክስቲቱ ከአልጋው ሥር ያለውን ካርቶን ስትጎትት ታቹ በእርጥበት ተበልቶ እጇ ላይ ቀረ፤ ከውስጡ የወጣው ነገር ለመናገርም ይቀፋል። ከዚያ በኋላ ሥራውን በእጇ ያዘች። ቀለም ቀቢ ከሆነ የሰፈር ልጅ ባዶ የቀለም ባልዲዎች ከነክዳናቸው ገዛች፤ በረሮም ውኃም አያስገቡም፣ አንዱ ባንዱ ላይ ይደረደራሉ፣ ክዳናቸው ላይ ሰው ይቀመጥባቸዋል። ጥቃቅኖቹን ኩቦች በዱቄት ወተት ጣሳ ለየቻቸው። ባትሪዎቹን በሙሉ አወጣች፤ የአንዷ አሻንጉሊት ባትሪ ፈስሶ ሆዷን አዝጎት ነበር። በረንዳ ላይ ፀሐይ ያነቃውን ፕላስቲክ ለብቻ አደረገችው። በየባልዲው ላይ የሚገኘውን ጽፋ ለጠፈች። ልጆች ያሉት ቤት ቢሆን ኖሮ ግማሹን አውጥቶ ግማሹን ደብቆ በየወሩ ማለዋወጥ ይቻል ነበር፤ ልጅ የተደበቀበት መጫወቻ ሲመለስ እንደ አዲስ ነው የሚያየው። እዚህ ግን ልጅቷ አድጋለች። የሚለዋወጥላት የለም።

ይህን ስታደርግ ነው የምድጃዋን ነገር ያየችው። ከሮዝ ድስቶቹ ጋር የመጣች የፕላስቲክ ምድጃ ናት፤ አራት ማንደጃ፣ የምትከፈት የፉርኖ በር። ከሥሯ በጥቁር እስክሪብቶ የዓረብኛ ጽሕፈት አለ። አክስቲቱ በስልኳ ፎቶ አንስታ አስተረጎመችው። የሴት ልጅ ስም ነው።

ከዚያ ሌሎቹንም አየች። ዳክዬው ክንፍ ላይ የጥርስ ምልክት አለ። የአልቃሻዋ አሻንጉሊት ቀሚስ በእጅ ስፌት ተጠግኗል፤ ስፌቱን ታውቀዋለች፣ የእህቷ ነው። ከድቡ በቀር አብዛኛው ዕቃ የማዳም ልጆች የጠገቡት ነበር። ታጥቦ፣ ተጠግኖ፣ አዲስ ላስቲክ ተገዝቶለት የታሸገ። አክስቲቱ ለእናቷ አልነገረችም። ስሙን በሳኒታይዘር ፈግፍጋ አጠፋችው፤ በዚያ ዓመት ሳኒታይዘር በየቤቱ ሞልቶ ነበር። ጥላው ግን አልጠፋም፤ ብርሃን ሲያርፍበት ይታያል።

በዚያው ዓመት፣ በ2012፣ የሊባኖስ ገንዘብ ወደቀ። ደመወዝ በዶላር ይከፍሉ የነበሩ ቤቶች በሊራ መክፈል ጀመሩ፤ ከዚያም ጭራሽ መክፈል ያቆሙ ብዙ ናቸው። በሰኔ ወር ማዳሞች በመኪና አምጥተው ቤይሩት ባለው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ የጣሏቸው ሴቶች ፎቶ ዓለምን አዳረሰ። ሐምሌ 28 ወደቡ ፈነዳ። ይህች እናት ቆንስላው በር ላይ ከወደቁት አንዷ አልነበረችም፤ የወራት ደመወዟንና ፓስፖርቷን ትታ ከማዳም ቤት ወጣች፣ «ፍሪ» ሆነች፣ ዶራ የሚባለው ሰፈር ከሌሎች ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ በሰዓት ማጽዳት ጀመረች። ካርቶኑ ቆመ። የባንኩ ክፍያም ለወራት ተጓተተ፤ የሞላችው አክስቲቱ ናት፣ ከሱቅ ሠራተኛነት ደመወዟ ላይ።

አክስቲቱ ምድጃዋን ለቁራሌው የሰጠችው ከዚህ በኋላ ነው። የፉርኖው በር ተሰብሯል፣ ስሙም አለ፣ ቦታም ትይዛለች፤ ሦስት ምክንያት ነበራት። በሚቀጥለው ጥሪ እናትየዋ ምን ብላ ጠየቀች? «ምድጃዋ የታለች?»

ለዓመታት ስለ ምድጃዋ አንስታ አታውቅም። ክፍሉ ጸጥ አለ። «ለጎረቤት ልጅ አውሻት ነው ማሚ» አለች ልጅቷ ሳትዘገይ። «አደራ አስመልሺያት፤ እኔ እኮ እሷን በየቀኑ ነበር የማጥባት። ልጅቷ ገንፎ ትደፋባት ነበር።» ይህን ካለች በኋላ እናትየዋም ዝም አለች። የተናገረችውን የሰማችው ከተናገረችው በኋላ ነበር።

ቁራሌው ለሁለት ሳምንት በዚያ ሰፈር አላለፈም። ሲያልፍ አክስቲቱ እየሮጠች ወርዳ ጠየቀችው። «እሷማ ተፈጭታለች እኮ እህቴ» አላት።

ከዚያ ወዲህ ከቤቱ የወጣ አንድም መጫወቻ የለም። አክስቲቱ ግን ሌላ ነገር አነሣች። አንድ ቀን ባልዲዎቹን፣ ሳይክሏንና ድቡን መሬት ላይ ደርድራ በሜትር ለካቻቸው። የአንድ ሰው ፍራሽ ያህል ቦታ ነው።

«እሷ ስትመጣ የት ልናስተኛት ነው እማዬ?»

«ከኔ ጋር፣ አልጋው ላይ።»

«አልጋው ላይ ያንቺና የልጅቷ ነው። እኔ ሶፋው ላይ ነኝ።»

«ትምጣ እንጂ እኔ መሬትም እተኛለሁ» አሉ እናቷ። ወዲያው ደግሞ ቆጣ ብለው፣ «የሰው ላብ ነው። ቦታ ጠበበኝ ብለሽ የእህትሽን ላብ ልትጥዪ ነው?»

ሁለቱም እውነት አላቸው፤ የሚያስቸግረውም ይኸው ነው። ቤቱ የተከፈለው በእሷ ገንዘብ ነው። በቤቱ ውስጥ የእሷ የሆነ ነገር ቢኖር ይህ የፕላስቲክ ክምር ብቻ ነው፤ ልብሷ እንኳ ለአክስቲቱ ሆኖ አልቋል። ክምሩ ቢወጣ ፍራሽ ይገባል፤ ግን ፍራሹ ላይ የሚተኛው ሰው እስኪመጣ ድረስ ቦታው ባዶ ሆኖ መታየቱን አያትየዋ አይችሉትም። አክስቲቱ ደግሞ ሠላሳ ልትደፍን ነው። በሶፋ ላይ እግሯን አጥፋ መተኛት ከጀመረች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል፤ ባል አገባለሁ ብትል ሽማግሌ የሚቀመጥበት ወንበር የቀለም ባልዲ ነው። ስለ ውጭ ሀገር ሥራ ሲወራ የሚላከው ገንዘብ ይቆጠራል፣ የሄዱት ይቆጠራሉ። እቤት ቀርታ የሌላ ሰው ልጅ ያሳደገች እህት በየትኛው ዝርዝር ውስጥ እንደምትገባ ግልጽ አይደለም።

በ2017 መስከረም ቤይሩት በእስራኤል አውሮፕላኖች ስትደበደብ ስልኩ ለዘጠኝ ቀን ዝም አለ። አሠሪዎቻቸው ሲሸሹ ቤት ውስጥ ተዘግቶባቸው የቀሩ ሠራተኞች ወሬ በየቴሌግራሙ ይዞር ነበር። አክስቲቱ ስልክ ላይ ነበረች፤ ሊባኖስ ያለች ሴት ዘመድ አለኝ የሚል ሰው ሁሉ ጋ ትደውላለች። አያትየዋ አልደወሉም። በሦስተኛው ቀን ባልዲዎቹን በሙሉ ከፈቷቸው። መጫወቻውን አንድ በአንድ በሳፋ አጥበው በረንዳው ላይ፣ ከዚያም ደረጃው ላይ አሰጡት። ዳክዬ፣ ኩብ፣ ድስት፣ ማንኪያ፣ ፀጉሯ የተንጨባረረ አሻንጉሊት፣ ሁሉም ፀሐይ ላይ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድቡን ከላስቲኩ አወጡት። የብሎኩ ሰው ሊሸጡት መስሎት፣ አንዲት እናት ቀረብ ብላ «እማማ፣ ዳክዬው ስንት ነው?» አለች። አያትየዋ ቀና ብለው አዩዋትና ምንም ሳይመልሱ ማጠባቸውን ቀጠሉ። ጎረቤት ሹክ ሲላት ሴትየዋ አልቅሳ ሄደች።

በዘጠነኛው ቀን ደወለች። ከዳህዬ ዳር ያለ ቤት ስታጸዳ እንደነበረ፣ ሰው ሁሉ ሲወጣ ወጥታ ከሌሎች ሴቶች ጋር ባሕር ዳር እንዳደረች፣ ስልኳ እዚያው ቤት እንደቀረ ተናገረች። ያን ቀን ማንም መጫወቻ አላወጣም። ጊዜ አልነበረም። እሷም አልጠየቀች።

ድቡ ተመልሶ ላስቲኩ ውስጥ ገባ።

ባለፈው ወር ደግሞ ሌላ ጥሪ መጣ። ልጅቷ አሁን በቁመት አክስቷን ልትደርስ ነው፤ ግን ስልክ ፊትን እንጂ ሌላውን አያሳይም። እናትየዋ ደስ ብሏት ነበር። አንዲት የምታውቃት ሴት ወረቀቷ ተስተካክሎላት ልትገባ ነው፣ አሥር ኪሎ ሰጥታኛለች አለች። ካርቶን አዘጋጅታለች፤ ከስንት ዓመት በኋላ። አንዲት አሻንጉሊት አለች፣ ያሁኗ አዲስ ናት፣ ከሱቅ ነው የገዛኋት አለች፤ «ከሱቅ» የሚለውን ሁለት ጊዜ ተናገረችው። ጫማም አለ። ካሜራው ፊት አነሣችው፤ ነጭ፣ ጎኑ ላይ ቢራቢሮ ያለበት። ሶሉን ገልብጣ ቁጥሩን አሳየች። 31።

ልጅቷ 37 ነው የምታደርገው። ወደ አክስቷ ዞር አለች፤ አክስቲቱ መሬት መሬት ታያለች።

«ልኬ ነው ማሚ» አለች ልጅቷ።

ስልኩ ሲዘጋ አያትየዋ ወንበር ስበው ቁም ሳጥኑ ሥር አስቀመጡ። «እታለም፣ ያዢልኝ» አለች ልጅቷ ለአክስቷ፣ አያቷን አስወርዳ ራሷ ወጣችበትና ድቡን ወደ ግድግዳው ገፋችው። አንድ ካርቶን የሚያስቀምጥ ቦታ ተገኘ።